ያሬድ ንጉሴ፦ ከሉዊቪል ሃይስኩል በኮሌጅ በኩል እስከ ፓሪስ

ፓሪስ፣ ስታድ ደ ፍራንስ፣ ኦገስት 6 ቀን 2024። የወንዶች 1500 ሜትር ፍጻሜ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ኖርዌያዊው ያኮብ ኢንገብሪግትሰን ገና ከመነሻው ፍጥነቱን አክርሮ መሪነቱን ያዘ። ከኋላው ስኮትላንዳዊው ጆሽ ኬር አለ። ከውድድሩ በፊት ወሬው ሁሉ የሁለቱ ፉክክር ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ሁለቱም ተበሉ። ኮል ሆከር የሚባል አሜሪካዊ በውስጥ በኩል ሾልኮ ወጣና በ3:27.65 የኦሎምፒክ ሪከርድ ሰብሮ ወርቁን ወሰደ። ኬር 3:27.79 ገባ። በመጨረሻው ቀጥታ ከኋላ እየበረረ የመጣው ያሬድ ንጉሴ ደግሞ 3:27.80። ብሩ በአንድ መቶኛ ሴኮንድ አመለጠው፤ ነሐሱን ግን ያዘ። ኢንገብሪግትሰን አራተኛ ሆኖ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ስሙን በቴሌቪዥን የሰማ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው ያው የተለመደውን ነው፤ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» የአሜሪካ ማሊያ ለብሶ ያሬድ ንጉሴ የሚባል ሰው ሲሮጥ ማን ዝም ብሎ ያልፋል?

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሦስቱ ሜዳሊያ ወሳጆች ሆከር የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበር። ኬር ከኤድንብራ ተነስቶ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሮጠ ነው። ያሬድ የኖትር ዳም ተማሪ ነበር። ሦስቱም በአሜሪካ ኮሌጅ በኩል ያለፉ ናቸው። ልጁ ሃይስኩል ውስጥ የሚሮጥለት፣ «አሁን ይሄ ነገር የት ያደርሰዋል?» ብሎ የሚያስብ ወላጅ ካለ፣ የያሬድን ጉዳይ ከሥሩ ጀምሮ ማየት ይጠቅመዋል። ኢትዮጵያዊ ደም ስላለው ብቻ አይደለም። መንገዱ ቀስ ያለ፣ ትምህርቱን ያልጣለ፣ መሃል ላይም ብዙ የተደናቀፈ ስለሆነ ነው።

ዘግይቶ የጀመረ ልጅ

ያሬድ በ1999 ኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ሉዊቪል ለብዙዎቻችን የፈረስ እሽቅድምድም እና የመሐመድ አሊ ከተማ ናት። ሩጫ ሲነሳ ቀድማ ትዝ የምትል ከተማ አይደለችም።

ልጁ ሃይስኩል እስኪገባ ድረስ ሯጭ አልነበረም። ይሄን ደግሜ ልበለው፤ ብዙ ወላጅ ልጁ በ8 ዓመቱ ክለብ ካልገባ አለቀለት ብሎ ይጨነቃልና። ያሬድ የተማረበት ዱፖንት ማኑዋል የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ ግን ተማሪ የሚገባው አመልክቶና ተመርጦ ነው። በትምህርት ጥራቱ ከኬንታኪ ስመ ጥሮቹ አንዱ ነው። እዚያ ነው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሲሮጥ ታይቶ «ና፣ ቡድኑ ውስጥ ግባ» የተባለው። በራሱ ተነሳስቶ አይደለም የጀመረው፤ ተገፋፍቶ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አልቆመም። የአሜሪካ ሃይስኩል ሩጫ ሦስት ወቅት አለው። መኸር ላይ አገር አቋራጭ፣ ክረምት ላይ የቤት ውስጥ ውድድር፣ ጸደይ ላይ ትራክ። አንድ ሯጭ ልጅ ሲፈልግ ዓመቱን ሙሉ መወዳደር ይችላል፤ ያውም ከክፍል ሳይቀር፣ ልምምዱም ከደወል በኋላ ነው። ያሬድ እዚያው እያደገ ሄዶ የኬንታኪ ግዛት ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ሲመረቅ የማይል (1609 ሜትር) ሰዓቱ 4 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ አካባቢ ነበር።

ይሄ ሰዓት ጥሩ ነው። አሪፍ ነው። ግን አገር የሚያነጋግር አይደለም። በዚያው ዓመት ሪድ ብራውን የሚባል የቴክሳስ ሃይስኩል ተማሪ 3:59.30 ሮጧል። እንግዲህ ያሬድ ከእኩያው በሰባት ሴኮንድ ገደማ ወደኋላ ነበር ማለት ነው። በማይል ሰባት ሴኮንድ ማለት ሃምሳ ሜትር ሊጠጋ ምንም አይቀረው። አንዱ ሪባን ሲበጥስ ሌላው ገና የመጨረሻው ቀጥታ መሃል ላይ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ንጽጽር ላምጣ። ዮሚፍ ቀጀልቻ ያሬድን በሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚበልጠው። ዮሚፍ በ2016 ፖርትላንድ ላይ የ3000 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን 18 ዓመቱ ነበር። ያሬድ በዚያው ዕድሜው ገና ኮሌጅ ለመግባት ቦርሳ እያዘጋጀ ነበር። እኛ አገር ጎበዝ ልጅ ሲገኝ መንገዱ ወደ ማሰልጠኛ ነው፤ አሰላ ወዳለው የጥሩነሽ ዲባባ ማዕከል፣ ወይም ንግድ ባንክና መከላከያን ወደመሳሰሉ ክለቦች። ፈጣን መንገድ ነው፤ የዓለም ሻምፒዮኖችንም አፍርቷል። ግን ደብተሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይዘጋል። ሮጦ ያልተሳካለት ልጅ በ24 ዓመቱ ምን ይዞ ይመለሳል የሚለውን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሁለቱ ልጆች ነገር በዚህ አያበቃም፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

ኮሌጁ እንዴት ያገኝሃል

የአሜሪካ ሃይስኩሎች ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ስፖርተኛ ተሳትፎ ይመዘገባል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ ሥር ያሉት ስፖርተኞች ግማሽ ሚሊዮን ቢሆኑ ነው። ማኅበሩ ራሱ በሚያወጣው ስሌት ከሃይስኩል ስፖርተኞች ኮሌጅ ደርሰው የሚጫወቱት 7 በመቶ ገደማ ናቸው። ዲቪዚዮን አንድ የሚባለው ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሱት 2 በመቶ አካባቢ። ስለዚህ «ልጄ በስፖርት ስኮላርሺፕ ይማርልኛል» የሚለውን ዕቅድ ብቸኛ ዕቅድ ማድረግ ሎተሪ ቆርጦ ቤት እንደመዋዋል ነው።

በትራክ ደግሞ የገንዘቡ ነገር ከሚወራው በጣም ያነሰ ነው። ያሬድ በገባበት ዘመን አንድ የዲቪዚዮን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ በጠቅላላው መስጠት የሚችለው 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ለሴቶች 18። ያ 12.6 ለሯጩም፣ ለዘላዩም፣ ለወርዋሪውም ይከፋፈላል። አንዱ ግማሽ ያገኛል፣ አንዱ ሩብ፣ አንዱ የመጽሐፍ መግዣ። ሰርግ ቤት ላይ «የእገሌ ልጅ ፉል ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል ብትሰሙ፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ የአካዳሚክ ድጋፉና የቤተሰብ ገቢን አይቶ የሚሰጠው እርዳታ ተደምሮ ነው። አያሳፍርም። እንዲያውም ብልህ ቤተሰብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጥሩ ግሬድ የሚያመጣው ገንዘብ እግሩ ቢታመምም አይቀርበትም።

አሠራሩ በቅርቡ ተቀይሯል። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ቀረ፤ በምትኩ የቡድን አባላት ቁጥር ገደብ መጣ። ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት በትራክ እስከ 45፣ በአገር አቋራጭ እስከ 17 ልጅ ብቻ ነው የሚይዘው። ለኮከቦቹ ጥሩ ዜና ነው። ስኮላርሺፕ ሳያገኝ «ልሞክር» ብሎ ቡድን ለሚገባው ልጅ ግን በሩ ጠበበ። እንደ ያሬድ ያለ ዘግይቶ የሚያድግ ልጅ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማለቴ አልቀረም። እሱ የግዛት ሻምፒዮን ስለሆነ ቦታ ባላጣም ነበር። ከእሱ ሁለት ሴኮንድ የሚዘገየው ልጅ ግን ዛሬ ሊያጣ ይችላል።

ያሬድ የመረጠው ኢንዲያና ግዛት ያለውን ኖትር ዳምን ነው። የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኑ አገር ያወቀው፣ በትምህርቱም የተከበረ። ከሉዊቪል በመኪና የቀን መንገድ ነው፤ ቤተሰቡ ሲፈልግ ሄዶ ያየዋል። የመረጠው የትምህርት ዘርፍ ባዮኬሚስትሪ ነው። ፍላጎቱ የጥርስ ሐኪም፣ ያውም ጥርስ የሚያስተካክለው ዓይነት ሐኪም መሆን ነበር። ይህን በየቃለ መጠይቁ ተናግሯል። ሐበሻ ወላጅ ሲሰማው ልቡ የሚሞላ ዓይነት ዕቅድ ነው።

ኖትር ዳም ውስጥ የረዥም ርቀት ሯጮቹን የያዘው ሾን ካርልሰን የሚባል አሰልጣኝ ነበር። እኔ የያሬድን ታሪክ ሳይ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ይመስለኛል። ሰው ኮሌጅ ሲመርጥ የዩኒቨርሲቲውን ስም ያያል፣ የሚሰጠውን ገንዘብ ያያል፤ አሰልጣኙን ግን እንደ አስጎብኚ ነው የሚያየው። ሯጭን የሚሠራው ወይም የሚሰብረው ግን አሰልጣኙ ነው። አንዳንዱ አሰልጣኝ አዲስ የገባውን ልጅ በመጀመሪያው መኸር እንደ ትልልቆቹ ኪሎ ሜትር ጭኖበት በክረምቱ አጥንቱን ያስነጥቀዋል። ያሬድ ላይ ይሄ አልደረሰም። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረለት አደገ።

ሦስት ሺኛ ሴኮንድ

በማርች 2019 የቤት ውስጥ ሻምፒዮና ላይ ኖትር ዳም ዲስታንስ ሜድሊ የሚባለውን ዱላ ቅብብል አሸነፈ። ይሄ ውድድር አራት ሰው የሚሮጠው ነው፦ 1200፣ 400፣ 800 እና መጨረሻ ላይ 1600 ሜትር። የመጨረሻውን የሮጠው ያሬድ ነው።

ሦስት ወር ቆይቶ፣ ጁን 2019፣ ቴክሳስ ኦስቲን። የኮሌጆች ሻምፒዮና፣ 1500 ሜትር ፍጻሜ። ያሬድ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ውድድሩ ዘገምተኛ ነበር፤ ሁሉም እርስ በርስ እየተጠባበቀ የመጨረሻውን ዙር የሚያይበት ዓይነት። መጨረሻ ላይ የሚሺጋን ስቴቱ ኬንያዊ ጀስቲን ኪፕሮቲች ቀድሞ ወጣ። ያሬድ ተከተለው። ሪባኑ ላይ እኩል ወደቁ ማለት ይቻላል። ሰሌዳው ለሁለቱም 3:41.39 አሳየ። ዳኞች የካሜራውን ፎቶ አውጥተው እስከ ሺኛ ሴኮንድ ድረስ ቆጠሩ። ያሬድ በሦስት ሺኛ ሴኮንድ በልጦ ተገኘ። አንድ ሰው ዓይኑን እስኪጨፍን ድረስ ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል።

የኮሌጅ ሩጫ ትልቁ ጥቅሙ እንዲህ ያለው ትምህርት ነው። ሰዓት ለማሻሻል የሚሮጥ ውድድር ብዙ አለ። ሻምፒዮና ግን ሌላ ነገር ነው። ግፊያ አለ፣ ክርን አለ፣ መቼ ልውጣ የሚል ጭንቀት አለ። ሃይስኩል ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ልጅ ይሄን አይማርም፤ ከመነሻው ቀድሞ ይወጣና ብቻውን ይገባል። ኮሌጅ ውስጥ ግን አሥራ ሁለቱም የየግዛታቸው ሻምፒዮን ናቸው።

ትምህርቱስ? ወላጅ ሁሌ የሚጠይቀው ይሄ ነው። «እንደው ወንድሜ፣ ሩጫው ትምህርቱን አይበላበትም?» የኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት ልምምድና ውድድር በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን የጉዞ ሰዓት ውስጡ አይቆጠርም፣ የወጌሻ ክፍል ሰዓትም አይቆጠርም። ሐሙስ አውቶቡስ ላይ ወጥቶ እሁድ የሚመለስ ልጅ ሰኞ ላብራቶሪ ሪፖርት ካለበት አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚጽፈው። በሌላ በኩል ደንቡ ትምህርቱን እንዲተው አይፈቅድለትም። ሙሉ ጊዜ ተማሪ መሆን አለበት። ሦስተኛ ዓመት ሲጀምር የዲግሪውን 40 በመቶ፣ አራተኛ ዓመት ሲጀምር 60 በመቶ ጨርሶ መገኘት አለበት። ካልሆነ አይሮጥም። ይሄን ደንብ ያወጡት ለስፖርተኛው አዝነው ይሁን ለስማቸው ተጨንቀው አላውቅም፤ ለእኛ ልጆች ግን ጠቅሟቸዋል።

የተበላሸው ዓመት፣ የተገኘው ሪከርድ፣ የታመመው ጭን

በማርች 2020 ወረርሽኙ መጣ። የቤት ውስጥ ሻምፒዮናው ሊጀመር ሲል ተሰረዘ። የጸደዩ ወቅት እንዳለ ቀረ። አገር ሁሉ ቤቱ ገባ። ኤንሲኤኤ ለስፖርተኞቹ ተጨማሪ አንድ ዓመት ሰጠ፤ ያሬድም ተጠቀመበት።

ሜይ 2021 ላይ ሰሜን ካሮላይና ራሌ ከተማ በተደረገው የአትላንቲክ ኮስት (ኖትር ዳም የሚወዳደርበት የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ሻምፒዮና 1500 ሜትሩን በ3:34.68 ጨረሰው። ይሄ የኮሌጅ ሪከርድ ነበር። የቀድሞው 3:35.30 ሲሆን ሲድኒ ማሪ ለቪላኖቫ የሮጠው በ1981 ነው። አርባ ዓመት የቆመ ሪከርድ ነው። ያሬድ ሲሰብረው ሪከርዱ ከራሱ ከያሬድ በ18 ዓመት ይበልጥ ነበር። ሃይስኩል ሲጨርስ ከእኩዮቹ በሰባት ሴኮንድ ወደኋላ የነበረው ልጅ፣ በአራት ዓመት የኮሌጁን ታሪክ ሁሉ ቀደመ።

በቀጣዩ ወር በኮሌጆች ሻምፒዮና በኮል ሆከር ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በአሜሪካ የኦሎምፒክ ማጣሪያ ሦስተኛ ሆኖ የቶኪዮ ቲኬት ቆረጠ። ገና ተማሪ ነው። ቶኪዮ ደርሶ ግን የፊት ጭኑ ጡንቻ ታመመ። ከመጀመሪያው ማጣሪያ ዙር ሳይሮጥ ወጣ። እዚያ ድረስ በሮ፣ የመነሻው መስመር ላይ ሳይቆም ተመለሰ።

እኔ የዚህን ታሪክ ክብደት የምለካው እዚህ ላይ ነው። የ22 ዓመት ልጅ ነው። ሥራዬ ሩጫ ብቻ ነው ብሎ የተነሳ ሰው ቢሆን ይሄ ሊሰብረው ይችል ነበር። ያሬድ ግን የሚመለስበት ክፍል ነበረው። ዲግሪውን የሚጨርስበት ሰሚስተር ነበረው። ጥርስ ሐኪም የመሆኑ ሐሳብም እንዳለ ነው። ትምህርት ማለት ለሯጭ እንዲህ ባለ ቀን የሚጠቅም ነገር ነው፤ «ካልተሳካልህ» ለሚባለው ቀን ብቻ የተቀመጠ መጠባበቂያ አይደለም።

በ2022 ኮሌጁን ጨርሶ ባለሙያ፣ ማለትም ተከፍሎት የሚሮጥ ሯጭ ሆነ። ኮሎራዶ ቦልደር ላይ ኦን የሚባለው የስዊዝ ጫማ ኩባንያ ያቋቋመውን ቡድን ተቀላቀለ። አሰልጣኙ የቀድሞው ኦሎምፒያን ዳተን ሪትዘንሃይን ነው። በነገራችን ላይ ካርልሰንም በዚሁ ሰሞን ኖትር ዳምን ለቆ ወደ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አሰልጣኝ ይሄዳል። ልጅህን «ና» ብሎ የጠራው ሰው ልጅህ ሳይመረቅ ሊለቅ ይችላል። ለዚህ ነው አሰልጣኙ ባይኖርስ ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት ደስ ብሎት ይማራል ወይ ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው። ያሬድ ላይ ሁለቱም ተሟልቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሩጫው እንለፈው። በጁን 2023 ኦስሎ ላይ 3:29.02 ሮጦ በርናርድ ላጋት ይዞት የነበረውን የአሜሪካ 1500 ሜትር ሪከርድ ሰበረ። በሴፕቴምበር ዩጂን ላይ ማይሉን በ3:43.97 ገባ፤ ይሄም የአሜሪካ ሪከርድ ነው። በ2024 የፓሪሱ ነሐስ።

አሁን ወደ ዮሚፍ እንመለስ። ዮሚፍ በ2019 ቦስተን ላይ የቤት ውስጥ ማይልን በ3:47.01 ሮጦ የዓለም ሪከርድ ይዞ ነበር። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2025 ኒው ዮርክ፣ ሚልሮዝ ጌምስ ላይ ያሬድ 3:46.63 ገባ። የዓለም ሪከርድ። አንዱ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ ሌላው በዚያ ዕድሜ 4:06 የሚሮጥ የሃይስኩል ምሩቅ። በ25 ዓመቱ ደርሶ ቀደመው። ደስታው አምስት ቀን ቆየ። ኢንገብሪግትሰን ፈረንሳይ ውስጥ 3:45.14 ሮጦ ወሰደው። ስፖርት እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ያሬድ በአሜሪካ ሻምፒዮና ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ስላልገባ ለቶኪዮው የዓለም ሻምፒዮና በ1500 ሳይመረጥ ቀረ።

ሌላ መንገድ የለም ወይ?

አለ። ለእውነት ያህል ይሄንንም ማንሳት አለብኝ። በዚያው የኒው ዮርክ ውድድር ከያሬድ ኋላ ሁለተኛ የገባው ሆብስ ኬስለር ነው። እሱም 3:46.90 ሮጦ የዮሚፍን ሪከርድ አሻሽሏል። ኬስለር ኮሌጅ አልሮጠም። ሚሺጋን ውስጥ የሃይስኩል ተማሪ ሳለ በ2021 1500 ሜትርን በ3:34.36 ሮጦ፣ ወዲያው ከአዲዳስ ጋር ፈርሞ ባለሙያ ሆነ። ፓሪስም ላይ አምስተኛ ወጥቷል። ስለዚህ ኮሌጅ ብቸኛው በር አይደለም።

ልዩነቱ ግን ይሄ ነው። ኬስለር በ18 ዓመቱ ጫማ ኩባንያ በሩን የሚያንኳኳለት ልጅ ነበር። ያሬድ በ18 ዓመቱ እንደዚያ አልነበረም። አብዛኛው ልጅም እንደዚያ አይሆንም። ኮሌጅ የሚጠቅመው ገና ላልበሰለው ነው። አራት ዓመት፣ አሰልጣኝ፣ ወጌሻ፣ ውድድር፣ ምግብ፣ ማደሪያ፤ ከዚያ ደግሞ ዲግሪ። ያሬድ ሃይስኩል ሲጨርስ «ወይ አሁን ባለሙያ ሁን፣ ወይ ተወው» ቢባል ኖሮ መልሱ ተወው ነበር የሚሆነው። ዛሬ የጥርስ ሐኪም ሆኖ ሉዊቪል ውስጥ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) እያሰረ ባገኘነው ነበር። እሱም መጥፎ ኑሮ አይደለም።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ላለው ልጅ

ከዚህ ጉዳይ ሊቀዳ የሚችለውን ከማይቀዳው መለየት ያስፈልጋል። ሳንባውንና እግሩን መቅዳት አይቻልም። ወረቀቱን ግን ይቻላል፤ ብዙ የእኛ ልጆች የሚወድቁትም ወረቀቱ ላይ ነው።

ዲቪዚዮን አንድ ለመሮጥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ 16 ዋና ዋና ትምህርቶች ያስፈልጋሉ፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ሳይንስና የመሳሰሉት። በእነዚህ ብቻ ተሰልቶ አማካይ ውጤቱ ከ4 ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት። የስዕልና የስፖርት ውጤት አይገባም። ኤስኤቲ የሚባለውን ፈተና ኤንሲኤኤ ከ2023 ጀምሮ አይጠይቅም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

አደገኛዋ ወጥመድ ሌላ ናት። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፤ ከ10ሩም 7ቱ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። 12ኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ እነዚያን ደግሞ ወስዶ ግሬድ ማሻሻል አይቻልም። አገር ቤት 10ኛ ክፍል ጨርሶ የመጣ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ክፍሎች ውስጥ ሊከተው ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ የማይቆጠሩ አሉ። እያንዳንዱ ሃይስኩል በኤንሲኤኤ የጸደቀ የትምህርት ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። እዚያ ላይ ስሙ የሌለ ትምህርት ምንም ያህል ኤ ቢያመጣበት ለዚህ ጉዳይ ዜሮ ነው። የትምህርት ቤቱ አማካሪ በጣም ብዙ ተማሪ ይዞ ስለሚውል ይሄን አስታውሶ አይነግራችሁም። እናንተ ናችሁ ሄዳችሁ የምትጠይቁት። ከኢትዮጵያ የመጣው ትራንስክሪፕትም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ሁሉ ይፈለጋልና፣ አጎት ይሁን አክስት ዛሬውኑ ሄዶ ከትምህርት ቤቱ ያውጣው። 12ኛ ክፍል ላይ ለማውጣት መሯሯጥ ያደክማል።

የኮሌጅ አሰልጣኝ በትራክ ልጁን በቀጥታ ማነጋገር የሚችለው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት አሰልጣኙ ኢሜይል ባይመልስ ልጁን ስለናቀው አይደለም፤ ደንቡ ስለማይፈቅድለት ነው። ልጁ ግን መጻፍ ይችላል። የሚጻፈውም አጭር ነው፦ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ የምመረቅበት ዓመት፣ ሰዓቴ፣ ግሬዴ። አባት ወይም እናት አይጻፉለት። አሰልጣኝ በሁለት መስመር ያውቀዋል።

በተማሪ ቪዛ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ልጅ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ከጁላይ 2021 ወዲህ የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። የተማሪ ቪዛ ግን የሥራ ገደብ አለው። አሜሪካዊው ጓደኛው ማስታወቂያ ሠርቶ ብር ሲያገኝ አይቶ እሱም ከፈረመ ቪዛውን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ከመፈረሙ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቅ።

ትምህርት ቤቱን ለመጎብኘት ስትሄዱ ደግሞ አዲሱን ጂምናዚየም አድንቁና፣ ከዚያ ቡድኑ ውስጥ ያሉትን ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ልጆች ለብቻ አነጋግሩ። አንደኛ ዓመት ስትገቡ ስንት ነበራችሁ፣ አሁን ስንት ቀራችሁ በሉ። ሃይስኩል ላይ ስንት ይሮጡ እንደነበርና አሁን ስንት እንደሚሮጡ ጠይቁ። ሳይንስ የሚያጠና ልጅ ቡድኑ ውስጥ ካለ ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ሲኖርበት ልምምዱን መቼ እንደሚሠራ ጠይቁት። እሱ የሚመልስላችሁ ነገር አሰልጣኙ ቢሮ ውስጥ ከሚነገራችሁ ሁሉ ይበልጣል።